መንገድ 40፦ ወደ ዘመድ ቤት የምንጓዝበት ጎዳና ታሪክ



የዐሥረኛ ዓመታችን መታሰቢያ መጽሔት ሲሰናዳ ከአዘጋጆቹ የቀረበልን ጥያቄ «ከታሪክ ወገን አንድ ነገር ጻፉልን» የሚል ነበር። የማኅበሩን አመሠራረት መሥራቾቹ ራሳቸው ስለሚጽፉት እኛ አንገባበትም። የነገሥታቱ ታሪክም ቢሆን በየእሑዱ ከቡና በኋላ እየተነሣ ስንት ጊዜ እንዳነታረከን ስለምናውቅ ለጊዜው ትተነዋል። በታክሲ ነጂነት የምንተዳደር፣ ቀንም ሌትም ከአስፋልት የማንለይ ሰዎች ስለሆንን የመረጥነው መንገድን ነው። ይኸውም በሜሪላንድ የምንኖር አብዛኞቻችን በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ልጆቻችንን ከኋላ አስቀምጠን፣ ስንቃችንን ቋጥረን፣ ወደ ወንድም ወደ እኅት ቤት የምንጓዝበት ጎዳና ነው። ስሙ በቁጥር ብቻ የሚታወቅ ነው፤ መንገድ 40 ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስብልን እንለምናለን።

መቼም ጉዞ የሚባለው ነገር ያለ ምክንያት አልመጣብንም። እዚህ አገር የገባነው እንደ አንድ ቤተሰብ አይደለም። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ከወጣ በኋላ ከሱዳን ካምፖች የመጡት ታላላቆቻችን በአብዛኛው የሰፈሩት በመረጡት ከተማ ሳይሆን፣ ተቀባይ ድርጅት ወይም ተቀባይ ቤተ ክርስቲያን በተገኘበት ነበር። በ1990 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የወለደው የዲቪ ሎተሪ ሲመጣ ደግሞ ሰው የሄደው የሚያውቀው ሰው ወዳለበት ነው። ቀጥሎም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ የቤት ኪራይ ሲያስጨንቅ፣ «ኦሃዮ ኑሮው ረከስ ይላል፣ የመጋዘን ሥራም አይጠፋም» እየተባለ ወደ ኮሎምበስ የነጐደው ብዙ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንድ እናት የተወለዱ አራት ልጆች አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዷ ኮሎምበስ፣ አንዱ አትላንታ፣ አንዷ ቶሮንቶ ሆነው ቀሩ። አገር ቤት ያለችው እናት «እዚያው ናችሁ አይደል? ለምን አትጠያየቁም?» ትላለች። አሜሪካ ለርሷ አንድ መንደር ናት። ከኛ ቤት እስከ ኮሎምበስ አራት መቶ ማይል ያህል መሆኑን ብንነግራትም አትሰማንም፤ ደግሞም ልክ ናት።

ስለዚህ እንሄዳለን። የምንሄደውም ባመዛኙ በታንክስጊቪንግ ነው። በዓሉ የኛ ሆኖ አይደለም፤ የኛ ገና በፈረንጆች ጥር 7 ቀን ስለሚውልና ሥራ ስለማይዘጋ ነው። ኅዳር ውስጥ ግን ሐሙስና ዓርብ ልጆች ትምህርት የላቸውም፣ እኅታችንም ከመጋዘኑ ፈቃድ ታገኛለች። እኛ ነጂዎች ረቡዕ ምሽት ከአውሮፕላን ጣቢያ የመጨረሻውን ተሳፋሪ ካደረስን በኋላ ወደ ቤት ተመልሰን ለሁለት ሰዓት እንተኛና ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንነሣለን። ጓደኞቻችን «ዓመቱን ሙሉ ስትነዱ ከርማችሁ በዕረፍታችሁም ትነዳላችሁ?» ይሉናል። ለኪራይ መንዳትና ለዘመድ መንዳት አንድ የሚመስለው ሰው መሪ ጨብጦ የማያውቅ መሆን አለበት።

ይህን ልማድ የጀመርነው እዚህ መጥተን አይደለም። ደሴ ተወልደን አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የተማርን ሰዎች ነን። ትምህርታችን ታሪክ ነበር፤ በሚያዝያ 1993 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር በተነሣው የተማሪዎች ንቅናቄ ምክንያት ሳንጨርሰው ቀረን። በእነዚያ ዓመታት ለበዓልና ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ የምንሄደው ከአውቶቡስ ተራ ጎሕ ሳይቀድ በሚነሣው አውቶቡስ ነበር። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ጊዜ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ረዳቱ ሻንጣውን ሁሉ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቶ ይጭናል፣ ሾፌሩ ያማትባል፣ ይኬዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ እስከ አጥንት ይገባል። ከዚያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት የጣርማ በር ዋሻ ይመጣል። በዚህ በኩል ጉም ነው፤ በዚያ በኩል ሲወጡ ደግሞ ቆላው ከእግር በታች እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ይታያል። ደብረ ሲና ላይ ሴቶቹ ቆሎ ይዘው በየመስኮቱ ይንጠለጠላሉ። ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሹራብ ይወልቃል። ከሚሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐረጎ፣ ከዚያ ደሴ።

የተማሪ ገንዘብ ምሳ ቤት የሚያስገባ አልነበረም። ስለዚህም ስንቅ ይያዛል። ሲኬድ ከመኝታ ክፍል ጓደኞች የተዋጣ ዳቦ ነው። ሲመለሱ ግን የእናት እጅ ያለበት ድፎ ዳቦ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ቋንጣ ነው፤ ያ ስንቅ ለመንገድ ብቻ ሳይሆን ለወር የሚበቃ ነበር። ከጎን የተቀመጠውን የማያውቁትን ሰው «ብላ እንጂ» ሳይሉ መብላት ነውር ነው። ስንቅ ማለት ለኛ የፍቅርና የቁጠባ ነገር ነው እንጂ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብለን አስበን አናውቅም ነበር። ሌላ ትርጉም እንዳለው የሰማነው እዚሁ ባልቲሞር ውስጥ ነው፤ ወደዚያ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ግን ስለ መንገዱ።

መንገድ 40 በዚህ አገር ካሉት መንገዶች ሁሉ አዛውንት ከሚባሉት አንዱ ነው። አሜሪካ ገና ወጣት መንግሥት ሳለች ተራራው ምሥራቁን ከምዕራቡ ለይቶት ስለነበር፣ በ1806 ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን በፈረሙት ሕግ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ ብሔራዊ መንገድ እንዲቀየስ ተወሰነ። ሥራው በ1811 ከኛው ሜሪላንድ፣ ከከምበርላንድ ከተማ ተጀመረ። በ1818 በኦሃዮ ወንዝ ዳር እስካለው ዊሊንግ፣ በ1833 ደግሞ እስከ ኮሎምበስ ደረሰ። ከባልቲሞር እስከ ከምበርላንድ ያለውን ክፍል የግል ኩባንያዎች ቀረጥ እያስከፈሉ ሠሩት። በ1926 መንግሥት ለአገሪቱ ጎዳናዎች ቁጥር ሲሰጥ ይህ አሮጌ መንገድ 40 የሚል ቁጥር ደረሰው። በዚያው ቁጥር ወደ ምሥራቅም ተስቦ ከባልቲሞር በሱስኩሃና ወንዝ በኩል ወደ ደላዌር ያልፋል። እንግዲህ ወደ ኮሎምበስ የሚሄደውና ወደ ፊላዴልፊያና ወደ ኒው ዮርክ አቅጣጫ የሚሄደው መንገድ በቁጥር አንድ መሆኑን ልብ ይሏል። ታሪኩም የተያያዘ ነው።

ዛሬ በአሮጌው መንገድ ላይ የሚነዳ ጥቂት ሰው ነው። አይዘንሃወር በ1956 በፈረሙት ሕግ አርባ አንድ ሺህ ማይል አውራ ጎዳና እንዲሠራ ሲወሰን፣ ከወጪው ከመቶ ዘጠና እጁን የፌዴራሉ መንግሥት ችሎ አዳዲሶቹ ጎዳናዎች በየአሮጌው ጎን ተዘረጉ። እኛ ወደ ኮሎምበስ ስንሄድ እስከ ሀንኮክ በ70፣ ከዚያ በ68 ነው። አንዳንዶቻችሁ በፔንሲልቬኒያ በኩል ታልፋላችሁ፤ ያኛው ቀረጥ አለው፣ ይሄኛው የለውም። ታክሲ ነጂ ደግሞ በዕረፍቱ ቀን ቀረጥ አይከፍልም። በዚያ ላይ 68 ሳይድሊንግ ሂል የሚባለውን ተራራ ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። ተራራው ሦስት መቶ አርባ ጫማ ያህል ወደ ታች ተቆርጦ የድንጋዩ ንጣፍ በቀለም በቀለሙ ተጣጥፎ ይታያል። ጣርማ በርን የሚያውቅ ሰው እዚያ ሲደርስ ትንሽ ዝም ይላል።

አዲሶቹ ጎዳናዎች ሁሉ በረከት ነበሩ ማለት ግን አይደለም። ምዕራብ ባልቲሞር ውስጥ መንገድ 40 በድንገት ወደ ጥልቅ ቦይ ገብቶ ሰፊ አውራ ጎዳና ይሆንና፣ አንድ ማይል ተኩል ሳይሞላ በድንገት ያልቃል። እንግዳ ተሳፋሪ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። ነዋሪዎቹ «የትም የማያደርሰው ጎዳና» ይሉታል። ከ70 ጋር ሊያገናኙት አስበው በመቶ የሚቆጠሩ የጥቁር ቤተሰቦችን ቤቶች ካፈረሱ በኋላ ቀሪው ክፍል ተቃውሞ ስለበዛበት ሳይሠራ ቀረ። ያን ያህል ሰው ቤቱን ያጣው ለምንም ነው።

ወደ ስንቁ እንመለስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባቡር ጣቢያ ያሳፈርናቸው ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያለፈ ጥቁር አሜሪካዊት እናት ነበሩ። ከፊት ወንበር ላይ በላስቲክ የቋጠርነውን ዳቦ ቆሎ አይተው ምንድር ነው አሉን። የመንገድ ስንቅ ነው ብለን ዘገን አድርገን ሰጠናቸው። ቆረጠም ቆረጠም እያደረጉ የራሳቸውን አወሩን። በልጅነታቸው በየነሐሴው ከባልቲሞር ወደ ደቡብ ካሮላይና ወደ አያታቸው ቤት ይሄዱ ነበር። እናታቸው ከዋዜማው ጀምራ ዶሮ ትጠብሳለች፣ እንቁላል ትቀቅላለች፣ ኬክ ትጋግራለች። ያን ሁሉ በጫማ ካርቶን ውስጥ በዘይት ወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጣለች። ልጆቹ ደስታቸው ነው። መኪናው ውስጥ ደግሞ ባዶ ጣሳ ነበር። ጣሳው ለምን እንደ ሆነ የገባቸው ካደጉ በኋላ ነው። መንገድ ላይ ያሉት መጸዳጃዎች ለነጭ ብቻ ስለነበሩ ነው። ምግብ ቤቶቹም እንደዚያው። አባታቸው ነዳጅ ለመቅዳት ብቻ ካልሆነ በቀር ሳይቆሙ ሌሊቱን ሙሉ ይነዱ ነበር። «እኛ ሽርሽር መስሎን እየዘፈንን እንሄዳለን፤ አባታችን ግን መሪውን ሲጨብጥ የጣቱ አጥንት ይነጣ ነበር» አሉን። ሒሳብ ሲከፍሉን ካርቶን ውስጥ የነበረው ዶሮ እስከ ዛሬ ድረስ ከበሉት ሁሉ የሚጣፍጥ እንደ ነበር ጨምረው ነገሩን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን እያነበብን ተከታተልነው። ከ1910ዎቹ ጀምሮ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡቡ ክፍል ወጥተው በሰሜንና በምዕራብ ከተሞች ሠፍረዋል። ይህ በገዛ አገር ውስጥ የተደረገ ስደት ነው። የሄዱትም እንደኛው እናትና አባት ትተው ነው። በበጋ ወራት በየትውልድ መንደራቸው አብያተ ክርስቲያናት የመመለሻ እሑድ እየተባለ በዓል ይደረጋል፣ ልጆችም ከየከተማው በመኪና ይጎርፋሉ። የጉራጌ ወገኖቻችን ለመስቀል አገር ቤት የሚገቡትን ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ልዩነቱ መንገዱ ነው። ከአንዳንድ ከተሞች ጥቁር ሰው ፀሐይ ሳትጠልቅ ለቆ መውጣት ነበረበት። በ1936 ቪክቶር ሁጎ ግሪን የሚባሉ በሃርለም የሚኖሩ ፖስታ አዳይ፣ ጥቁር መንገደኛ ሳይዋረድ የሚያድርበትን፣ የሚበላበትንና ነዳጅ የሚቀዳበትን ቤት የሚዘረዝር መመሪያ ማሳተም ጀመሩ። መጀመሪያ የኒው ዮርክ አካባቢን ብቻ የሚመለከት ነበር፤ በኋላ መላ አገሪቱን አዳረሰ። በስማቸው ግሪን ቡክ ተባለ፣ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽም ይታተም ነበር። እስቲ አስቡት፤ አባወራ ልጆቹን ይዞ ወደ እናቱ ቤት ሲሄድ መጽሐፍ ገልጦ «እዚህ ከተማ ሽንት ቤት የሚያስገባን ሰው አለን?» ብሎ ሲፈልግ።

አሁን የራሳችን አህጉር ወደ ታሪኩ የሚገባበት ቦታ ላይ ደርሰናል። በ1960 አንድ ዓመት ውስጥ ዐሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነጻ ወጡ። አምባሳደሮቻቸው በኒው ዮርክ የተባበሩት መንግሥታትና በዋሽንግተን መካከል ይመላለሱ ጀመር። መንገዳቸውም በሜሪላንድ በኩል 40 ነበር። በሰኔ 1961 የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው የሹመት ደብዳቤያቸውን ለፕሬዚዳንት ኬኔዲ ለማቅረብ ወደ ዋሽንግተን ሲመጡ፣ ሜሪላንድ ውስጥ መንገድ 40 ላይ ካለ ምግብ ቤት ገብተው ቡና ጠየቁ። አንሸጥልህም ተብለው ተባረሩ። የደረሰባቸው እርሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ሌሎች የአፍሪካ ዲፕሎማቶችም በዚሁ መንገድ ላይ ተዋርደዋል። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ስለሆነ ዋሽንግተን ደነገጠች። ኬኔዲ መጀመሪያ ላይ ለፕሮቶኮል ሹማቸው፣ እነዚህ አምባሳደሮች በመኪና ከሚሄዱ ለምን በአውሮፕላን አይሄዱም ማለታቸው ይነገራል። በኋላ ግን የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች እየተላኩ የምግብ ቤት ባለቤቶቹንና የሜሪላንድ ምክር ቤትን መለመንና መወትወት ጀመሩ።

በዚያው ዓመት በነሐሴ የባልቲሞሩ አፍሮ አሜሪካን ጋዜጣ ሦስት ጋዜጠኞቹን የአፍሪካ መኳንንት አስመስሎ አለበሳቸው። ጎባን የሚባል በዓለም ላይ የሌለ አገር ፈጥረው፣ ሊሞዚን ተከራይተው በመንገድ 40 ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች በየአንዳንዱ ገቡ። አንዳንዱ ቤት መለሳቸው። አንዳንዱ ግን ክቡርነታችሁ እያለ አስቀምጦ አስተናገዳቸው። ልብሱን ለውጠው እንደ ባልቲሞር ተወላጅነታቸው ቢመጡ ያ ቤት በሩን ይዘጋባቸው ነበር። ይህን ስናነብ መጀመሪያ ሳቅን። ቆይቶ ግን ሳቁ ጠፋብን። የባዕድ ካባ የለበሰ ጥቁር ይበላል፤ አገሩን የሠራ፣ ለአገሩ የተዋጋ ጥቁር በካርቶን ይዞ ይዞራል። በእውነቱ ከኛ መካከል «እኛ እንደነሱ አይደለንም፣ ከሐበሻ ጋር ዋል» እያልን ልጆቻችንን የምንመክር አለን። እነዚያ ምግብ ቤቶችም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ለአምባሳደሩ አልሸጥም ያሉት እንደ አገሬው ጥቁር ስለታዩአቸው እንጂ ስለ ቻድ የሚያውቁት ነገር ኖሮ አይደለም።

መንገዱን የከፈቱትም አምባሳደሮቹ አልነበሩም። አምባሳደሮቹ ምክንያት ሆኑ፤ ዋጋውን የከፈሉት ሌሎች ናቸው። ለዘር እኩልነት የሚታገለው ኮር የተባለው ማኅበር በኅዳር 1961 በመንገድ 40 ላይ ትልቅ የነጻነት ጉዞ እንደሚያደርግ ሲያስታውቅ፣ በሜሪላንድ ካሉት ምግብ ቤቶች ብዙዎቹ ከወዲሁ በራቸውን ለሁሉም ለመክፈት ተስማሙ። እምቢ ባሉት ላይ ግን ተማሪዎች ዘመቱ። ከባልቲሞሩ ከሞርጋን ስቴት፣ ከዋሽንግተኑ ከሀዋርድና ከሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ልጆች በየምግብ ቤቱ እየገቡ ይቀመጣሉ፣ ይታሰራሉ፣ ተፈትተው ደግሞ ይመለሳሉ። ከስድስት ኪሎ የወጣን ሰዎች የተማሪ እስራት ምን እንደሚመስል ስለምናውቅ ስለነዚህ ልጆች ስናነብ ሌላ ስሜት ነው የሚሰማን። ሜሪላንድ በ1963 የሕዝብ መገልገያ ሕጓን ስታወጣ ከደቡብ ወገን ከሚቆጠሩት ግዛቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕጉ ግን አንዳንድ ካውንቲዎችን የማይነካ ጎደሎ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 1964 የፌዴራሉ የሲቪል መብት ሕግ ሲፈረም በአገሪቱ ሁሉ ጥቁር መንገደኛ ከምግብ ቤትና ከሆቴል እንዳይባረር ሆነ።

በመካከሉ አንድ ሌላ ነገር አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥቅምት 1963 መጀመሪያ ላይ ለይፋ ጉብኝት ዋሽንግተን ሲገቡ የመጡት በባቡር ነው፤ ኬኔዲም ዩኒየን ስቴሽን ድረስ ሄደው ተቀብለዋቸዋል። በኅዳር 14 ኬኔዲ ከመንገድ 40 ጎን የተሠራውን አዲሱን አውራ ጎዳና፣ ዛሬ 95 የምንለውን፣ በሜሪላንድና በደላዌር ድንበር ላይ ሪባን ቆርጠው መረቁ። በስምንተኛው ቀን ዳላስ ላይ ተገደሉ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብር ተመልሰው መጡ። ጎዳናውም በ1964 በሟቹ ፕሬዚዳንት ስም ተሰየመ። ወደ ፊላዴልፊያ ወይም ወደ ኒው ዮርክ ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ ሱስኩሃና ላይ ቀረጥ የምትከፍሉበት ይኸው ጎዳና ነው።

ወደ ራሳችን ዘመን እንምጣ። ታላላቆቻችን እንደሚነግሩን በ1980ዎቹ ጉዞው ይበልጡን ለኳስ ነበር። የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 ከተቋቋመ ጀምሮ በየሐምሌው መጀመሪያ በአንዱ ከተማ ውድድር ይደረጋል። ሰዉ በአንድ ቫን ዐሥር ሆኖ፣ ነጂ እየተቀያየረ፣ ሌሊቱን ይጓዛል። ሄዶም የሚያርፈው ሆቴል ሳይሆን ከሰው ቤት ወለል ላይ ነው። በዚያ ዘመን እንጀራ የሚሸጥባቸው ከተሞች ጥቂት ስለነበሩ ከዋሽንግተን አካባቢ የሚሄድ ሰው ያለ እንጀራ አይሄድም። ኋላ ያለው የዕቃ ቦታ እስኪሞላ ይጫናል። ዛሬ እንጀራ በየከተማው ሞልቷል። ሆኖም የቤቱ እመቤት «የዚያ አገር እንጀራ ይኮመጥጣል» ብላ እስከ ዛሬ ትጭናለች። ኮሎምበስ ያለችው እኅታችንም ስንመለስ «የዚያ አገር በርበሬ አያምርም» ብላ በርበሬ ትጭንልናለች። ይህ ክርክር መቼም አያልቅም፣ ማለቁንም የሚፈልግ ሰው የለም።

ደስታ ብቻ ግን አይደለም የሚያስኬደን። መርዶ አለ። አገር ቤት አባት ሲሞት ወሬው መጀመሪያ የሚደርሰው ለሩቅ ዘመድ ወይም ለጓደኛ ነው። በወጉ መሠረት ልጁ በስልክ አይነገረውም። ሦስት አራት ሰው ከሥራ መልስ በአንድ መኪና ተጭኖ፣ ሌሊቱን ነድቶ፣ ልጁ ለሥራ ከመውጣቱ በፊት ከንጋቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩን ያንኳኳል። በር ከፍቶ ያን ሁሉ ሰው በነጠላ ሲያይ ነገሩ ይገባዋል። እኛ በዚህ ዓይነት ወደ ኮሎምበስ ሦስት ጊዜ፣ ወደ ሪችመንድ አንድ ጊዜ ሄደናል። በመኪናው ውስጥ ብዙ አይወራም። ፔርሙዙ ውስጥ ቡና አለ፣ ለለቀስተኛው ቤት የሚሆን ምግብ ከኋላ ተጭኗል። ከባድ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሰው ለብቻው ሆኖ የአባቱን ሞት ከሚሰማ አራት መቶ ማይል መንዳት ይሻላል ብለን እናምናለን። አሁን አሁን ይህም እየቸገረን ነው። መኪናችን ሀንኮክ ሳይደርስ ፌስቡክ ቀድሞን ይደርሳል። አንድ ጊዜ እንዲያውም የሟቹ ልጅ ገና መንገድ ላይ ሳለን ደውሎ «የት ደረሳችሁ?» አለን። ባለፈው ዓመት በጠቅላላ ጉባኤያችን ላይ ይህ ተነሥቶ፣ ቤተሰቡ ሳይነገረው ፎቶግራፍና «ነፍስ ይማር» በአደባባይ እንዳይለጠፍ የተወሰነውን ውሳኔ እዚህ ላይ ማስታወስ ተገቢ ይመስለናል።

በ2020 መንገዱ ባዶ ሆነ። በኮሮና ምክንያት ታክሲያችንም ቆመ፣ ጉዞውም ቆመ። የዚያን ዓመት ታንክስጊቪንግ በስልክ መስታወት እየተያየን በላን። ልጆቹ «ይህ ይቀላል፣ ለምን ሁልጊዜ እንዲህ አናደርግም?» አሉ። ብዙዎቻችሁም ቤት ይኸው ተብሏል። በዚያ ክረምት ግን የእኅታችን ባለቤት ታመመ፤ ሊጠይቀው የሄደ ሰው አልነበረም፣ ሊሄድም አይችልም ነበር። እርሱ ዳነ። ያልዳኑት ግን አሉ፤ ለቅሷቸውን በኮምፒውተር ላይ ተቀምጠናል፣ የተቀመጠበት ሰው ምን ዓይነት ለቅሶ እንደ ነበር ያውቀዋል። በ2021 በክትባት ተከትበን ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሄድ ያው «ይህ ይቀላል» ያለው ልጅ ከመኪናው ሮጦ ወርዶ የአክስቱን አንገት አንቆ ሊለቃት አልቻለም። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ልጅ ሰው አቅፎ አያውቅም።

ልጆቹን የሚይዘው ንግግራችን እንዳልሆነ እዚህ ላይ መናገር ይገባል። የሚይዛቸው የሚበላውና የሚቆምበት ቦታ ነው። ስለዚህ በ68 ላይ ግራንትስቪል ስንደርስ ከአውራ ጎዳናው ወጣ እንላለን። እዚያ በአሮጌው ብሔራዊ መንገድ ላይ በ1813 የተሠራ የካሰልማን ወንዝ ድልድይ አለ። አንድ ነጠላ የድንጋይ ቅስት ነው፤ ሲሠራ በአገሪቱ በዓይነቱ ረጅሙ ነበር። መኪና ካለፈበት ብዙ ዘመኑ ነው፣ በእግር ግን ይኬድበታል። ልጆቹ ወዲያና ወዲህ ይሮጡበታል። እኛ ሣሩ ላይ ነጠላ ዘርግተን የተቀቀለ እንቁላል፣ ድፎ ዳቦና ቋንጣ እናወጣለን። ስለ ጫማው ካርቶንና ስለ ጣሳው የነገርናቸው እዚያ ነው። ትንሿ ልጅ «እንግዲያውስ እኛ ለምን ስንቅ እንይዛለን? አሁን ያስገቡን የለ?» ብላ ጠየቀችን። እናቷ «ስለሚጣፍጥ ነዋ» አለቻት።

በዚህ ዓመት በታንክስጊቪንግ የምትሄዱ አባላት ካላችሁ ከኛ ቤት ሁለት መኪና ይነሣል፣ መንዳት ለማይችሉ እናቶችና አባቶች አራት ቦታ አለን። መነሻው ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ግራንትስቪል ላይ ቁርስ እንበላለን። ከበላን በኋላ ብርድ ከሆነ ከተማው ውስጥ ቡና የሚሸጥበት ቤት አለ፤ ገብተን እንቀመጣለን፣ ልጆቹም እጃቸውን ይታጠባሉ። ከዚያ ወዲያ ለኮሎምበስ አራት ሰዓት ገደማ ይቀራል።